የወገብና ዳሌ መሳቢያ

ድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንጀል አይሠራባትም ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ተከራክሬአለሁ። ፀሐዩ ለሌባም ለፖሊስም አይመችም። ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ማክሰኞ ዕለት ግን ክርክሬን ተረታሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚራ ሰፈር ካለው የጉዳተኛ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ተደወለልኝ።

"ራጅ ተሰርቋል" አለችኝ አንዲት ሴት።

"ምን?"

"ራጅ። የዳሌ ራጅ።"

"ኮምፒውተሩስ?"

"አለ። የተነካ ነገር የለም። ራጁ ብቻ ነው የጠፋው።"

ስልኩን ዘግቼ ሳጅን ኒሞን ጠራኋት። ኒሞ የድሬ ልጅ ናት፤ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያልገባኝን ከተማ በአንድ ዓይን አይታ ትረዳዋለች። አራት ቋንቋ ትናገራለች፣ በአራቱም ትሰድበኛለች።

"አየነው፣ ራጅ ማን ይሰርቃል?" አለችኝ ባጃጅ ውስጥ።

እኔ ኢንስፔክተር አየነው ነኝ። ድሬ ግን አንቱታ አታውቅም፤ ማዕረግ ስታውቅም ለቀልድ ነው።

*

ቢሮው ከባቡሩ ዘመን የተረፈ ቪላ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፎቹ ሥር ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በየጎናቸው ክራንች ተጋድሟል። ፊታቸው ሁሉ ተኮሳትሯል።

"ዛሬ ደግሞ ሻይም የለም!" ብሎ አንዱ አጉረመረመ። "አቦ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው!"

የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ ላዳን በሩ ላይ ጠበቀችን፤ የደወለችው እሷ ናት። ነገሩን ባጭሩ አስረዳችኝ። በጦርነት ቆስለው የጉዳት ደረጃችን ዝቅ ተደርጎ ተወሰነብን የሚሉ ሰዎች ይግባኝ ይላሉ። ይግባኙን የሚያየው የሐኪሞች ቦርድ ድሬ የሚመጣው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ሃያ ሰው ያያል፣ ይሄዳል። ያ ቀን ነገ ነበር።

"የማን ራጅ ነው የጠፋው?"

"የሃምሳ አለቃ ሚክዳድ። ፋይሉ አለ፤ ራጁ ከነፖስታው የለም።"

ክፍሉ ውስጥ የብረት መሳቢያዎች ተደርድረዋል። በላያቸው የተጻፈውን አየሁና ሳቄ መጣ፦ "ዐይንና ጆሮ"፣ "እጅ"፣ "ወገብና ዳሌ"፣ "እግር"።

"በስም አትደረድሩም?"

"ሰው ስሙን ይቀይራል፤ ዳሌውን አይቀይርም" አለች ላዳን ኮስተር ብላ።

"ስትወጪ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር?"

"ተዘግቶ ነበር።" ይህን ስትል ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ጫማዋ ሄደ። ኒሞም አየቻት።

*

ሃምሳ አለቃ ሚክዳድ ብቻውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አርባ አልሞላውም። ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሰው ካልሳበው አይነሣም፤ በግንባር የጭነት መኪና ተገልብጦበት ወገቡንና የግራ ዳሌውን ተመትቷል።

"ነገ ያለራጁ ቢያዩህስ?"

"አያዩኝም። ጉዳቱ እዚያው ግንባር ላይ ለመድረሱ ማስረጃው የዚያን ጊዜው ራጅ ነው። ሕጋቸው ነው። ለከርሞ ና ይሉኛል።"

"ለከርሞ ምን ችግር አለው?"

"የአጥንት ሐኪሙ ዳሌህ በዚህ ዓመት ካልተቀየረ በኋላ አይቀየርም ብሎኛል። አጥንቱ እያለቀ ነው። ለቀዶ ጥገናው ሪፈር የሚጻፈው አርባ በመቶና ከዚያ በላይ ለተጎዳ ሰው ነው። እኔን አሥራ አምስት ብለውኛል።"

ይህን ጻፍኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

"አራት ዓመት ወንበር ላይ ነው የምሰግደው፣ ኢንስፔክተር። ጎንበስ እላለሁ እንጂ ግንባሬ መሬት አይነካም። መስጊድ ስገባ ሰዎቹ ሱጁድ ሲወርዱ እኔ ብቻ ቀና ብዬ እቀራለሁ፤ ጀርባቸውን አያለሁ። ሰው መሬት ይናፍቀዋል ወይ ትለኛለህ? ወላሂ ይናፍቃል። የምንጣፉ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል።"

በሥራዬ ብዙ ሰው የጠፋበትን ነገር ነግሮኛል። ወርቅ፣ መኪና፣ በግ። እንደዚህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቦርዱ ሳይሄድ ያንን ራጅ ማግኘት አለብኝ አልኩ።

*

ኒሞ ከኋላው መስኮት ሥር አሸዋው ላይ የክራንች ጎማ ምልክት አገኘች። በአንድ ጎኑ የተበላ ጎማ ነው። ግቢው ሙሉ ክራንች ስለሆነ ሁሉንም እየገለበጥን ማየት ነበረብን፤ ጡረተኛ ወታደር ክራንቹ ሲገለበጥበት ምን እንደሚል እዚህ መጻፍ አልችልም። የተበላው የኸባብ ሆነ።

ኸባብ በወረፋው ሃያ አንደኛ ነው። ቦርዱ ሃያ ሰው ብቻ ያያል። ከሃያው አንዱ ቢጎድል የሚገባው እሱ ነው። ትናንትም ከሚክዳድ ጋር ስለወረፋ ተጨቃጭቀዋል። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"ከመስኮቱ ሥር ምን ትሠራ ነበር?"

"ወገቤን አስደግፌ ነበር። እንደዚያ ግድግዳ የሚቀዘቅዝ ከዚራ ውስጥ የለም።"

"ከዚያስ ገባህ?"

"ወሪያ! እኔ መስኮት መውጣት ብችል ይግባኝ ምን ይሠራልኛል?"

ኒሞ ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። መስኮቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ኸባብ ጫማውን የሚያስርለት እንኳ የጎረቤት ሰው ነው።

"እሺ፣ የሰማኸው ነገር አለ?"

"መሳቢያ ሲሳብ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ላዳን ናት ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ።"

"ለቅሶ?"

"አፉን በጨርቅ አፍኖ የሚያለቅስ ሰው። ቀጥሎ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ሌባ ሲስቅም ሲሳደብም ሰምቻለሁ። በሥራው ላይ ሆኖ የሚያለቅስ ሌባ ግን አልገጠመኝም። ይህንን በማስታወሻዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

*

"መስኮቱ ክፍት ነበር" አልኳት ላዳንን።

ቀላች። "ራጆቹ በቀትር ሙቀት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ተጣብቆ የተላጠ ራጅ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ስወጣ መስኮቱን እከፍተዋለሁ። መመሪያው ዝጉ ይላል።"

"የት ነበርሽ?"

"ቤት። እናቴን ምሳ አበላለሁ።"

ኒሞ የወሰዳትንና የመለሳትን ባለባጃጅ ጠየቀችው፤ ጎረቤቶቿንም። ላዳን ከቤቷ አልወጣችም። ውሸቷ ሥራዋን ለማዳን ብቻ ነበር፤ ራጆቹንም ያተረፈችው መመሪያውን ጥሳ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን የሚክዳድን ፋይል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የቦርዱ የቀድሞ ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ "በግራ ዳሌ አጠገብ አነስተኛ፣ ቱቦ መሰል የብረት ባዕድ ነገር ይታያል። አጥንቱ ጤነኛ ነው። የጉዳት መጠን አሥራ አምስት በመቶ።"

ደግሜ አነበብኩት። ራጁ የሚጎዳው ራሱን ሚክዳድን ነው! ሰው የሚጎዳውን ማስረጃ ቢያጠፋ አይገርምም። ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

"ራጁ ጤነኛ ነህ ይላል። መጥፋቱ ለማን ይበጃል?"

ፊቱ ጠቆረ። "ለኔ ነው የምትለው? ያለእሱ አይሰሙኝም እያልኩህ? ሰው የገዛ ተስፋውን ይሰርቃል?"

"እሺ አትቆጣ። ብረቱ የት ነው የገባብህ? ጠባሳውን አሳየኝ።"

"ጠባሳ የለኝም። ሐኪም ሁሉ ይጠይቀኛል። ባለፈው ዓመት በራሴ ገንዘብ ሌላ ራጅ ተነሣሁ፤ ዳሌዬ እንደ ሸክላ ተሰባብሮ ይታያል፣ ብረት ግን የለም። ቦርዱን ብጠይቅ 'ወጥቶ ይሆናል' አሉኝ።"

"በየት በኩል?"

"እሱን አልነገሩኝም።"

እኔና እሱ ተያየን። ብረት ከሰው ዳሌ ተነሥቶ በእግሩ አይሄድም። የተሰበረ አጥንትም ግንባር ላይ ጤነኛ ሆኖ ቆይቶ ድሬ ሲገባ አይሰበርም። ራጁ የሱ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ላይ የሚወስኑት በሌላ ሰው አጥንት ነው።

*

"ፖስታው ላይ ምን ተጽፎ ነበር?" አልኳት ላዳንን።

"የሚክዳድ ስም። ከላዩ ሌላ ስም ተሰርዟል። ግንባር ላይ የራጅ ፖስታ ሲያጥር የአንዱን ሰርዘው ለሌላው ይጠቀሙበት ነበር። የኛ ፖስታዎች ግማሾቹ እንደዚያ ናቸው።"

"አሮጌው ራጅ ውስጡ ከቀረስ?"

አፏን ይዛ ቀረች። ያንን ማንም አስቦት አያውቅም ነበር።

"የተሰረዘው ስም ማን ነበር?"

ላዳን የምትረከበውን ፖስታ እንዳለ፣ ከነስርዙ፣ መዝገብ ላይ ትገለብጣለች። ገልጣ ጣቷን አስኬደችና ቆመች።

"ዓደን ዩሩብ" አለች ቀስ ብላ። "ያ ረቢ! ይሄ የቢላን ባል ነው።"

"ቢላን ማን ናት?"

"ባለሻይዋ! ግቢያችን ውስጥ ሻይ የምትሸጠው። ባሏ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ ያለበት አይታወቅም የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። አራት ዓመት እዚህ የምትሸጠው ከወታደሮቹ አንዱ አየሁት ይለኝ ይሆናል ብላ ነው።" ላዳን ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። "ትናንት ሚክዳድ ፋይሉን ሊያይ መጥቶ ራጁን ከፖስታው አውጥቼ አግዳሚው ላይ ዘርግቼው ነበር። ሻይ ልትሰጠው መጣች። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ፀሐዩ ነው አለችኝ።"

ኒሞ ቀድማኝ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። "ዛሬ ከሰዓት ሻይ አልነበረም" አለች። "ሃያ ሰው ሲጮህ ሰምተን አልሰማነውም።"

*

ቢላን የምትኖረው ገንደ ቆሬ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። በሩ ገርበብ ብሏል። ራጁ በምዕራቡ መስኮት ላይ ተሰቅሎ የቀኑ ብርሃን ከኋላው ይመጣበታል፤ እሷ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስታየን አልተነሣችም፣ አልደነገጠችምም።

"ዋ ኢሳጋ" አለች ለኒሞ። እሱ ነው ማለቷ ነበር።

"ቢላን፣ ይሄ የመንግሥት ሰነድ ነው" አልኩ። ስናገረው ራሴን ጠላሁት።

"አውቃለሁ። ልሰርቅ አልሄድኩም። መስኮቱን ክፍት ሳየው ገባሁ፤ ላየው ነው የሄድኩት። ካየሁት በኋላ መመለስ አቃተኝ።"

"የሱ መሆኑን በምን አወቅሽ? አጥንት ሁሉ አንድ ነው።"

ተነሥታ በጣቷ አሳየችኝ። ከግራው ዳሌ አጠገብ ነጭ፣ ትንሽ ቱቦ ይታያል፤ በላዩ ሦስት ቀለበት አለው፤ አንዱ ጫፉ ጎድጎድ ብሏል።

"ክታቡ ነው። ቁርኣን የተጻፈበት፣ በብር ቱቦ ውስጥ። ሁርሶ የወታደር ሥልጠና ሲገባ በወገቡ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጎድጎድ ያለው ልጃችን ጥርስ ስታወጣ ነክሳው ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ይሄን ስብራት ነው ብለው ሚክዳድን ይመዝኑታል?"

"እሱን ብረት ነው ያሉት፤ አጥንቱን ጤነኛ ነው አሉ።"

"ቁጥር ማንበብ እችላለሁ። ኅዳር ሦስት ቀን ጠፋ ብለው ጻፉልኝ። ይሄ ኅዳር አሥራ ሁለት ይላል። ዘጠኝ ቀን! ጠፋ ካሉኝ በኋላ ዘጠኝ ቀን ክታቡን አስሮ ነበር። ሰው ዕቃ ነው እንዴ፣ የሚጠፋ?"

ኒሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ስለ ሚክዳድ ነገርኳት፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሱጁዱ። ይህ ራጅ የሱ አለመሆኑን ቦርዱ ፊት ቆሞ የሚመሰክር ሰው ካልተገኘ ይግባኙ እንደሚወድቅ ነገርኳት። መስካሪዋ ከሷ በቀር እንደሌለ፣ ከመሰከረች ደግሞ ራጁ ከእጇ እንደሚወጣ አልደበቅኳትም።

የራጁን ጠርዝ በሻሿ ጠረገች። "ሌላ ፎቶ የለኝም" አለች በመጨረሻ። "አንድ ነበር፤ ለማመልከቻው ሰጠሁት፣ አልመለሱልኝም።"

ደንቡ ራጁን በዚያው ቅጽበት ያዝ ይላል። እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"ነገ ሁለት ሰዓት ይዘሽው ነይ።"

ስንወጣ ኒሞ "ካልመጣችስ?" አለችኝ።

"ካልመጣች ሥራዬን ለቅቄ በሷ ቦታ ሻይ እሸጣለሁ።"

*

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣችም። ሁለት ተኩል ሆነ። ሚክዳድ ከፍ ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል፤ እኔ እሱን ላለማየት ዛፉን አያለሁ። ላዳን ስሙን ጠራች። ሊነሣ ክራንቹን ሲጨብጥ ቢላን በሩ ላይ ታየች፤ ራጁን በሻሿ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ዓይኗ አብጧል። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ገባች።

የቦርዱ ሰብሳቢ በዕድሜ የገፋች ሐኪም ናት። የሆነውን ነገርኳት። ቢላን ስለ ክታቡ፣ ስለ ሦስቱ ቀለበቶች፣ ስለ ልጅዋ ጥርስ ተናገረች። ሐኪሟ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አደረገቻቸው፤ የተሰረቀውንና ሚክዳድ ባለፈው ዓመት በራሱ የተነሣውን። ብዙ አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች።

"የሁለት ሰው አጥንት ነው" አለች። "ይህንን ያኔ ያላየን እኛ ነን። አሥራ አምስቱ ተሽሯል። ሃምሳ አለቃ፣ አሁኑኑ አዲስ ራጅ ተነሥተህ ና፤ ሳናይህ አንሄድም። ጉዳቱ የግንባር ለመሆኑ የአደጋው ሪፖርት ፋይልህ ውስጥ አለ፤ ያ ይበቃናል።"

ሚክዳድ አልተነቃነቀም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ላዳን በዓደን ዩሩብ ስም አዲስ ፋይል ከፈተች። ራጁንም እዚያ አስገባችው፤ እኔም ለፍለጋው መነሻ እንዲሆን ቀኑን መዘገብኩ። ቢላን ፋይሉ ሲዘጋ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

"ዶክተር፣ ይሄን ሲያነሡት ደህና ነበር?"

"ዳሌው ደህና ነው፣ እህቴ። ራጅ ስናነሣ ትንፋሽህን ያዝ እንላለን። የማይይዝ ሰው ምስሉ ይደበዝዛል። የሱ ጥርት ያለ ነው። ሲሉት ሰምቶ ይዟል።"

ቢላን በሶማሊኛ አንድ ነገር አለች። ኒሞ ተረጎመችው፦ "አማርኛ አይሰማም ነበር። እንዴት ሰምቶ ያዘ ትላለች።"

ሐኪሟ ትከሻዋን ሰበቀች። ያኔ ሚክዳድ ከተቀመጠበት "እኔ ነኝ" አለ።

ሁላችንም ዞርን።

"እኔ ነኝ የነገርኩት። ድንኳኑ ውስጥ ወረፋዬ ከሱ ቀጥሎ ነበር። ባለ ራጁ 'ትንፋሽ ያዝ' ይለዋል፣ እሱ ያወራል። 'ኔፍታ ሀይ!' ብዬ በሶማሊኛ ጮኽኩበት። ሳቀና ያዘ። ሲጨርስ ወረደ፤ እኔን ከቃሬዛው አቅፎ ጠረጴዛው ላይ ያወጣኝ እሱ ነው። ስሙን አልጠየቅኩትም። ወላሂ፣ ስሙን አልጠየቅኩትም።"

"ምን አለህ?" አለች ቢላን። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

"የድሬ ልጅ ነህ አለኝ። አዎ አልኩት። አንተ ቀድመኸኝ ትገባለህ፣ ሰላም በልልኝ አለኝ። ለማን ብዬ ሳልጠይቀው ወሰዱኝ።"

የተላከ ሰላምታ ለሙስሊሞች አማና፣ አደራ ነው፤ ሳያደርሱት አይቀመጥም። ሚክዳድ ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ። አንድ ሰው ሊረዳው ሲጠጋ በእጁ ከለከለው። ቀጥ ብሎ ለመቆም ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ማንም አላቻኮለውም።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቢላን" አለ። "ከዓደን ነው።"

ቢላን ሻሿን ወደ አፏ ወሰደች። የተላከ ሰላምታ ሲደርስ መልሱ ለአምጪውም ለላኪውም እኩል ነው፤ ይህንን ኒሞ ናት በኋላ የነገረችኝ። ቢላን ሻሿን ከአፏ አነሣች፣ ቀና አለች፣ አንዱንም ሳትዘል መለሰች፦

"ወዓለይከ ወዓለይሂ ሰላም። በአንተም፣ በእሱም ላይ።"